ገጽ ዘጠኝ ላይ የቆመው ፊርማ

ሟች በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሐኪሞች ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጆርናሉ ሽፋን ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚል ይነታረኩ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ይሉኝታ መሆኑ ነው። አንደኛው አረንጓዴ የሕክምና ቀለም ነው ይላል። ሌላው፣ ሰው ሁሉ «ፕሮፌሰር» የሚለው፣ ሰማያዊ ዓለም አቀፍ ቀለም ነው ባይ ነው። ማን እንደነገረው እንጃ።

ሲስተር ጥቁር ሻሿን አስራ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። የሟች ሚስት ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰፈሩም፣ ዘመዱም፣ ባሏ ሳይቀር «ሲስተር» ነው የሚሏት። በአፍ መሸፈኛ ውስጥ የሚያጉተመትም ሐኪም ምን እንደፈለገ ለይታ ስታቀብል የኖረች ሴት ናትና ይቺን ሹክሹክታ አታጣትም። ሁለት ቀን አልቅሳ ዓይኗ ደርቋል። አሁን የተረፋት ንቀት ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከእንባው ይልቅ ቀጥ አድርጎ ያቆማት እሱ ነው።

ልጇ ከፔርሙስ ቡና እየቀዳች ታዞራለች። ሲኒዎቹ የጎረቤት ናቸው፤ በካርቶን ታሽገው የመጡት የቀብሩ ዕለት ነው። ሲስተር ያን ዕለት፣ ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሰው ሲተራመስ፣ ካርቶኑን ራሷ ፈትታ ሲኒዎቹን ጮክ ብላ አንድ በአንድ ቆጥራ ሠላሳ መሆናቸውን አረጋግጣለች። ሴቶቹ ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነካው ብለው ተጠቃቅሰዋል። ልጇ ግን እናቷን ስለምታውቅ አልተገረመችም።

ጆርናሉ የባሏ ልፋት ነው። ዓለም አቀፍ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ጆርናል። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል። ከየአገሩ ገምጋሚ በደብዳቤ እየለመነ ያሰባሰበው እሱ፣ ማተሚያ ቤት የተመላለሰው እሱ፣ የሰው ጽሑፍ ሲያርም ምሳው የሚቀዘቅዝበት እሱ። ፕሮፌሰሩ ያዋጣው ስሙን ነው። የቀዶ ሕክምና ቢላ ከጨበጠ አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው «ዋና አዘጋጅ» ተብሎ ከላይ በትልቁ ሲጻፍ ባሏ አልተቀየመም፤ «ሠርግ ቤት ዋናው ደጋሽ ጓዳ ነው የሚገኘው» ብሎ ስቆ አለፈው። ሲስተር ግን ተቀይማለታለች። እሱ መቀየም ስለማያውቅበት ያን ሥራ ለሁለት የምትሠራው እሷ ነበረች።

ከዚያ ደግሞ የአዘጋጅ ቦርዱ ሠላሳ አራት ስም አለ። በፊደል ተራ ይሰለፍ ወይስ በማዕረግ የሚለው ብቻ አራት ስብሰባ በልቷል። አንዱ ስሙ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለወረደበት ታምሜአለሁ ብሎ ሳምንት ቀርቷል። የልጅ አንጀት በሁለት ጣት ይዘው የሚሰፉ ሰዎች፣ ለአንድ መስመር እንደዚህ ይሆናሉ።

ፕሮፌሰሩ ቡናውን ጨረሰና ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋት። ከኋላው አረንጓዴ ወዳዱ ሐኪም ተከተለ። የቦርዱ ጸሐፊ ነው፤ ባልደረቦቹ «አጀንዳ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ልደትም ላይ ሆነ ምሳ ላይ ወሬ ሲበዛ «ወደ አጀንዳችን እንመለስ» ይላል፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝበትን ደብተር ከብብቱ አይለይም። ለቅሶ ቤትም ይዞት መጥቷል።

ፕሮፌሰሩ በመጀመሪያ አንድ ፎቶ ለመናት፤ ሟች የምረቃ ካባ ለብሶ የተነሣው ቢሆን ደስ እንደሚለው ጨመረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሲስተር፣ ያቺ የሱ ጽሑፍ… ለክብሩ ስንል ብናነሣት ብለናል። በምትኩ ሁለት ገጽ መታሰቢያ እናወጣለታለን። እኔ ራሴ ነው የምጽፈው።»

 ሲስተር ስለ ጽሑፉ ታውቃለች። የመጀመሪያው እትም የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ ርዕሱ «አርባ ሦስት የከሸፉ ቀዶ ሕክምናዎች፤ የአንድ ሐኪም ጥፋት»። ባሏ የተሳካለትን ሥራ መዝግቦ አያውቅም። የከሸፈውን ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ በአንድ ጥቁር ደብተር ይጽፍ ነበር፤ የልጁ ዕድሜ፣ የተደረገው፣ የተሳሳተው፣ ማን እንደተሳሳተ። ጆርናሉ የሚከፈተው በዚህ ነው ብሎ ድርቅ አለ። የዳነውን ብቻ የሚያሳይ የሠርግ አልበም ነው፣ አልበም ከፈለጋችሁ ፎቶ ቤት ክፈቱ ብሏቸዋል። የውጭዎቹ ገምጋሚዎች አንብበው አጸደቁለት። የአገር ውስጦቹ ፊታቸው ጠቆረ።

ፕሮፌሰሩ ማስረዳቱን ቀጠለ። የጆርናሉ ምረቃ ቅዳሜ ነው፤ የሆቴሉ አዳራሽ ተይዟል፤ ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ። በእንግዳ ፊት ገመና መዘርገፍ ምን ይባላል? ሟችስ በመጨረሻ በጥፋቱ ይታወስ? ምላሱ ቅቤ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ለሟች የተቆረቆረ ይመስላል።

አጀንዳ ደብተሩን ገልጦ የደንቡን አንቀጽ ስድስት አነበበላት። የጽሑፉ አቅራቢ የማረሚያው ቅጂ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሳይፈርም ጽሑፉ አይታተምም፤ አቅራቢው በሕይወት ከሌለ የቅርብ ቤተሰቡ ይፈርማል፤ ማንሣትም እንደዚያው በፊርማ ነው። ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ሟች ነው። አጀንዳ ይህን ሲናገር አንገቱን ደፋ አደረገ። የጽሑፉ ዕጣ ሲስተር እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

«በስድስተኛው ቀን ይምጡ» አለችው ፕሮፌሰሩን። ሲወጡ በሩ ላይ የቀለሙን ክርክር ከቆመበት ቀጠሉት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ ባሏ መጻፊያ ክፍል ገባች። ሞቶ ያገኘችው እዚያ ነበር። ከምሳ በኋላ ሻይ ይዛለት ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ እስክሪብቶው ክዳኑን እንዳወለቀ፣ የማረሚያው ቅጂ ከክንዱ ሥር። ማንም አልነካውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች።

እስከ ገጽ ስምንት ድረስ ፈርሟል። ኬዝ አምስት ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች፤ ደግ ፈገግታ አልነበረም። «በሥራው ላይ ሁለት ሐኪሞች ነበርን» ይላል፤ ሁለተኛው ማን እንደሆነ አልጻፈም። እሷ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። የሐሞቱን ቱቦ የቆረጠው እጅ የፕሮፌሰሩ ነው፤ ባሏ ረዳት ነበር። ለክብሩ ስንል ያለው የማንን ክብር እንደሆነ አሁን ገባት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የራሱን ገመና ይሸፍናል። ከምድር የሚጠየፉት ሰው ቢኖር እሱ ነው አለች በሆዷ።

ገጹን ገለጠች። ዘጠኝ። ፊርማ የለበትም። እስክሪብቶው ክዳኑን ያወለቀው እዚህ ገጽ ላይ ነበር።

«ኬዝ አሥራ ሰባት። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ። የአንጀት መታጠፍ። ሥራው በመልካም ተጠናቀቀ። ቆጠራው እስኪያልቅ ሳልጠብቅ ዘጋሁ። በዘጠነኛው ቀን ሲከፈት አንድ ጎዝ ተገኘ። ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ጎዝ ማለት ደም የሚመጠጥበት ጨርቅ ነው። ያኔ የሆስፒታሉ ሴቶች እያጠፉ አሥር አሥሩን በክር አስረው በእንፋሎት ይቀቅሉት ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ነርሷ እሽጉን ስትፈታ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ሊዘጋ ሲል ደግሞ የወጣውን ትቆጥራለች፤ ሐኪሙ «ሙሉ ነው?» ይላል፤ «ሙሉ ነው» ካለችው ይዘጋል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ የዚያን ቀን አምስተኛው ሥራ ላይ፣ ሲስተር ሦስተኛውን እሽግ ፈታችና አልቆጠረችውም። እሽግ አሥር ነው፤ መቼም አሥር ነው። እሽጉ ውስጥ ግን አሥራ አንድ ነበር። መጨረሻ ላይ ሠላሳ ቆጠረች። ባሏ መርፌውን ይዞ ጠየቃት፤ ሙሉ ነው አለችው። ጠብቋል። ጠይቋል። የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል።

ልጁ ዳግም ተከፍቶ ጨርቁ ሲወጣ ኮሪደር ላይ እጇን ያዘና «አንቺ ዝም በይ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ሁሉ የኔ ነው» አላት። ዝም አለች። እሱ ስድስት ወር ከሥራ ታገደ፤ ደብተሩ ላይም ይህንኑ ውሸት ጻፈ። በዓመቱ እሷ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ሹመቱን «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲሏት «አብሮ ደስ ይበለን» ብላለች። ይህን ቃል ዛሬም ድረስ ስታስታውሰው ፊቷ ይቃጠላል።

ከዚያ ወዲህ የማትቆጥረው ነገር የለም። ማንኪያ፣ ካልሲ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ሁሉንም ጮክ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። ባሏ ከመጻፊያ ክፍሉ ሆኖ «ሲስተር፣ ሙሉ ነው?» ይላታል፤ «ሙሉ ነው» ትለዋለች። ልጃቸው የነሱ ቀልድ ይመስላት ነበር። ቀልድም ነበር። ግን በየቀኑ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዛሬም አምንሻለሁ እያላት መሆኑን ታውቃለች።

አርባ ሁለቱን እውነት ጽፎ አንዱን ለሷ ሲል ዋሽቷል። መፈረም ያቃተው እዚህ ጋ ነው። ውሸት አይሆንለትም፤ እሷን ማጋለጥም አይሆንለትም። በዚህ መሐል ልቡ ቆመ።

በዚያን ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ እሷ ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋለች። ጽሑፉ እንዲነሣ ብትፈርም ሁሉም ነገር ያልቃል። ልጇም ማንሣቱ ይሻላል ባይ ናት፤ አባዬ ይረፍ፣ ሆድ ይፍጀው አለቻት፣ ምን እንደሚፈጀው ሳታውቅ። ሲስተር ወደ ማታ ላይ ፕሮፌሰሩን ባሰበችበት ዓይን ራሷን አየችው። በእሱና በሷ መሐል ያለው ልዩነት እሱ ካባ መልበሱ ብቻ ነው። የእሱ ሐሞት፣ የሷ ጎዝ። ሰው ለራሱ የሚኖረው ንቀት ለሌላው ካለው ይመራል፤ ያን ዕለት ቀመሰችው።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማንም አያውቃትም። ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። አላለቀሰችም። ሰው ሲቀንስ ተነሥታ ሲስተር አጠገብ መጣች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች። «ልብስ ሰፊ ነኝ። የሸሚዙን አንገትጌ የምገለብጥለት እኔ ነኝ።»

ሲስተር አንገትጌዎቹን ታውቃለች። ባሏ አዲስ ሸሚዝ መግዛት አይወድም፤ አንገትጌው ሲያልቅ ይዞት ይሄድና ተገልብጦ፣ አዲስ መስሎ፣ ስፌቱ የማይታይ ሆኖ ይመለሳል። የት ነው ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ነገረቻት። ልጇ በሱ እጅ ነው የሞተው። በሳምንቱ ቤቷ ድረስ መጣ፤ ጨርቅ ረስቼ ዘጋሁበት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። የሳሙና ውሃ ደፋችበት። ወር ጠብቆ ደግሞ መጣ። በሩን ዘጋችበት። ሌላ ወር። እየመጣ ደጃፏ ቆሞ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ከጠላችው በኋላ አንድ ቀን አንገትጌው ተበልቶ አየችውና አሳዘናት፤ አውልቅ አለችው።

«ሐኪም ጥፋቴ ነው ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች። «እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።»

ሲስተር እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ልጇ ፔርሙሱን ይዛ ጓዳ ገብታለች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዝም ብትል ሴትዮዋ ቡናዋን ጠጥታ፣ መርቃት፣ ትሄዳለች። ዝም ማለት እንዴት እንደሚቀል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«የቆጠርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ጠይቆኛል። ሙሉ ነው አልኩት። እሽጉን ስፈታ አልቆጠርኩትም ነበር።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አነሣችና አደረገችው። ሲስተርን ፊቷን አየቻት፤ የተሰፋ ነገር የምትመረምር ትመስል ነበር፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ሲኒውን ሳትጠጣው አስቀመጠች።

«እሱን ይቅር ለማለት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺን ዛሬ አትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅሽም።»

ሴትዮዋ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ያልወሰደው አንድ ሸሚዝ እሷ ዘንድ እንዳለ፣ ተገልብጦ እንዳለቀ ተናገረች። ልካለሁም፣ ነይ ውሰጅም አላለችም።

ሲስተር ወደ መጻፊያው ክፍል ገባች። የባሏን ቀይ እስክሪብቶ አነሣች፤ የሰው ጽሑፍ የሚያርምበትን። «ቆጠራው እስኪያልቅ ሳልጠብቅ ዘጋሁ» የሚለውን ሠረዘችና ከጎኑ በንጹሕ ጽሑፍ አሰፈረች። «ሐኪሙ ጠብቋል፣ ጠይቋል። ነርሷ ሦስተኛውን እሽግ ስትፈታ አልቆጠረችም፤ አሥራ አንድ ነበር። ሙሉ ነው ብላ መለሰች። ነርሷ ሚስቱ ናት።» ከዚያ ገጽ ዘጠኝን ፈረመችበት፤ የቀሩትንም እስከ መጨረሻው።  መናገር የነበረባት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው።

በስድስተኛው ቀን ፕሮፌሰሩ ከነአጀንዳው መጣ። ጽሑፉ የሚነሣበትን ደብዳቤ አስተይቦ፣ የመታሰቢያውን ጽሑፍ ይዞ ነበር፤ አንድ አንቀጽ ሊያነብላት ከጀለ። ሁለት ገጽ ውስጥ ሟች አራት ጊዜ ይጠቀሳል፤ ዋና አዘጋጁ ሰባት ጊዜ። ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ ቆጥራለች፤ አመሏ ነው። የማረሚያውን ቅጂ ሰጠችው። ፊርማዎቹን እያየ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«ሲስተር» አለ ሲጨርስ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ምን ነካሽ? ማንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስምሽን በገዛ እጅሽ…»

«የኔ ስም ይቆይ» አለችው። «ኬዝ አምስት ላይ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ ይላል። ቢላው በማን እጅ እንደነበር እኔ አጠገባችሁ ቆሜ አይቻለሁ። እሱ አልጻፈዎትም፤ እኔም አልጽፍዎትም። እርስዎ ግን ይችላሉ፤ እስክሪብቶው ይኸው።»

ቀዩን እስክሪብቶ ዘረጋችለት። ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶውን አየው፤ ሰዓቱን አየ፤ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ነገሩ በቦርድ መታየት አለበት፣ ቅዳሜ ደርሷል፣ በሚቀጥለው እትም ቢሆንስ እያለ ሲያድበሰብስ፣ ሌላ ድምፅ ከጎኑ ተሰማ።

«በአንቀጽ ስድስት መሠረት ተፈርሟል» አለ አጀንዳ። ደብተሩን ከፍቷል፤ ፊቱ ላብ አውጥቷል። «ደንቡ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ነው። እርስዎም ፈርመውበታል። ማተሚያ ቤቱ እስከ ስምንት ሰዓት ይቀበላል።» ቅጂውን ከፕሮፌሰሩ እጅ ወሰደ፣ ደብተሩ ውስጥ አስገባው፣ ብብቱ ሥር ከተተው። ዕድሜውን ሙሉ በማይረባ ነገር ሰው ሲያሰለች የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ጠቀመ። ሲስተር እንኳ ልትንቀው ፈልጋ አቃታት።

ፕሮፌሰሩ የካባውን ፎቶ ሳይወስድ ወጣ። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ ለቀስተኞች ሄዱ። የተዋሱትን ሁሉ የሚመልሱበት ቀን ነው። ልጇ ወንበሮቹን ለጎረቤት ልትመልስ ወጣች። ሲስተር ሲኒዎቹን አጥባ፣ አድርቃ፣ ካርቶኑን ጓዳው ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና ጮክ ብላ እየቆጠረች መደርደር ጀመረች። የመጻፊያው ክፍል በር ክፍት ነው። ወንበሩ ከዚህ ይታያል።

«ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።»

የመጨረሻውን ሲኒ እንደያዘች ቆመች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ትንሽ ጠበቀች፣ ሁልጊዜ «ሙሉ ነው?» እስኪላት ትጠብቅ የነበረውን ያህል፣ ከዚያም ጥቂት አለፈ። ደርቋል የተባለው ዓይኗ አልደረቀም ነበር።

ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ከካርቶኑ አወጣችና ከአንድ ጀመረች።